«እባቧ ታወረች!» ብዬ ፃግብጂ ደወልኩ

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ እባብ ነው። «ኧረ በስመ አብ!» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡት እጃችሁ ሲዘረጋ ይታየኛል። ቆይ፣ ታገሱኝማ! እኔም እንደናንተው ነኝ። በቴሌቪዥን እባብ ባየሁ ቁጥር እግሬን ከወለሉ አንስቼ ሶፋ ላይ የምሰቅል ፈሪ ነበርኩ። ግን ሰው ዕድሉ ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም፤ እኔን ባሕር አሻግሮ የእባብ ሞግዚት አደረገኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ሄጄ ዴንቨር ከተማ የአጎቴ ልጅ ቤት አረፍኩ። ልጁ እዚያው ያደገ ነው። እንጀራ ካልበላ የጠገበ አይመስለውም፣ ቡና ካልተፈላ እሑድ እሑድ አይመስለውም፤ ታዲያ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ በመስታወት ሣጥን እባብ ያሳድጋል። ስሟም «ቡና» ነው። መልኳ የተቆላ ቡና ላይ ማር ጠብ ጠብ ያለበት ስለሚመስል ነው እንዲህ ያላት። ዝርያዋ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚኖረው «ንጉሣዊ ፓይተን» የሚባለው ነው። መርዝ የለውም። ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ሲፈራ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን መሃል ይደብቃል። በደንብ ከተያዘ ደሞ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። ስንቱ ትዳር ነው ይሄን ያህል የሚቆየው?

የሀበሻ እንግዳ ሲመጣ ሣጥኑ ላይ ጋቢ ይጣልበታል። «ምንድን ነው እሱ?» ሲሉት «የዓሣ ገንዳ ነው፣ ተበላሽቶ ነው» ይላል። እናቱ ግን ስለሚያውቁ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ከበሩ አያልፉም። የሚመርቁትም የሚቆጡትም ኮሪደር ላይ ቆመው ነው።

ታኅሣሥ ላይ ልጁ ለሥራ ወደ ሲያትል ሊሄድ ሆነ፤ ለሦስት ሳምንት። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፈልኝ። ውሃዋን በየቀኑ ቀይር፤ ማሞቂያዋን አታጥፋ፤ በሳምንት አንድ የሞተች አይጥ ከፍሪዘር አውጥተህ፣ በረዶው ለቆ ለብ ሲል በመቆንጠጫ ስጣት፤ እጅህን ታጠብ። በቃ! ስለ ቆዳ አንዲት ቃል የለበትም። እኔስ ምን አውቄ ልጠይቅ?

የመጀመሪያውን ሳምንት በሰላም አሳለፍን። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትተኛለች። በዘጠነኛው ቀን ገደማ ግን መልኳ ደበዘዘ። ያ የሚያብለጨልጭ ጀርባዋ አመድ የነሰነሱበት መሰለ። ነጭ የነበረው ሆዷ ወደ ሮዝ ሄደ። አይጧን ባቀርብላት አፍንጫዋን አዞረች። ከመደበቂያዋም አልወጣም አለች። ክዳኑን ስከፍት ደሞ ያቺ ጨዋ እባብ «ህስስስ» ብላ ተነፈሰችብኝ። ሦስት ቀን ቆይቼ ማታ ባትሪ አብርቼ ሳያት… ጥቁሩ ዓይኗ የለም! ሁለቱም ዓይኖቿ ወተት የፈሰሰበት ሰማያዊ ሆነዋል። ሠፈራችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ የዓይን ሞራ የያዛቸው ጊዜ ልክ እንዲህ ነበር ዓይናቸው። ላብ አጠመቀኝ። አለቀልኝ፣ የሰው አደራ አሳወርኩ!

ለልጁ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። የእንስሳት ሐኪም ቤቱ ዘግቷል። ያኔ ነው በሕይወቴ የማውቀው ከእባብ ጋር አንድ ቤት የኖረ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ትዝ ያለኝ። የዴንቨር ሰዓት ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር፤ አገር ቤት ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ዋግ ኽምራ፣ ፃግብጂ ወረዳ፣ አያቴ ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን የያዘው ሌላው የአጎቴ ልጅ ነው፤ «ለእማሆይ ስጣቸው፣ ቶሎ!» አልኩት። ቆብ ከደፉ ጀምሮ እኛም እማሆይ ነው የምንላቸው።

«እማሆይ፣ እባቧ ታወረች!»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» አልኩ።

«የማን እባብ ነው ልጄ?»

«የአጎቴ ልጅ… እዚህ አሜሪካ… ቤቱ ያሳድጋታል።»

ወደ ጎን ዞረው በኽምጣኛ አንድ ነገር ሲሉ ሰማሁ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ሰው አሜሪካ ድረስ ሄዶ እባብ ያረባል?» አሉኝ ተመልሰው። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ተለወጠ፤ እንደ ሐኪም ይጠይቁኝ ጀመር።

«ዓይኑ ነጣ?»

«አዎ።»

«መብል እንቢ አለ? ተሸሸገ?»

«አዎ እማሆይ፣ ሁሉንም!»

«አልታወረም። ልብሱን ሊያወልቅ ነው። አትንካው። ድንጋይ አለው?»

«የምን ድንጋይ?»

«የሚታከክበት ነዋ! ቤቱ ምንድን ነው?»

«መስታወት ነው።»

«በመስታወት ላይ ምኑን ይታከካል ታዲያ? ሻካራ ድንጋይ ስጠው፤ ከንፈሩን የሚያስይዝበት። ርጥበትም ስጠው። ከዚያ ተወው። ልጄ፣ ሰማኸኝ? ተወው።»

እማሆይ ይሄን ከየትም መጽሐፍ አላነበቡትም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ቤታቸውን ያየ ግን አይደነቅም። ፃግብጂ ድንጋዩ ከአፈሩ የሚበዛ አገር ነው። ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ የማሽላው ማሳ እንኳ አፈሩ እንዳይሄድ በድንጋይ ካብ የተያዘ ነው። ከእማሆይ ቤት ጀርባ ያለው ካብ ውስጥ አንድ እባብ ነበር። ቀጭን፣ ቡናማ፣ በዓይኑ ጎን ወደ ኋላ የሚሄድ ገርጣ ያለ መስመር ያለው፣ ሌሊት ሌሊት የሚወጣ። ዛሬ ሳስበው በአብዛኛው አፍሪካ የሚገኘውን መርዝ የሌለውን የቤት እባብ ይመስላል። እማሆይ «የቤቱ ነው» ይሉታል እንጂ አምልኮ ምናምን የለበትም። አይጥ ይበላል፤ አይጥ ደሞ ጎታቸውን ይበላል። ዝናብ ባጠረ ቁጥር እህል ብርቅ በሚሆንበት አገር፣ ጎታ የሚጠብቅ እባብ ከድመት ምን ያንሳል?

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ ግን ክረምቱን እማሆይ ዘንድ ነበር የምላከው። አንድ ጊዜ ካቡ መሃል እባቡ የጣለውን ቆዳ አገኘሁ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። «እማሆይ፣ ይሄን የሚያህል ነው!» ብዬ እያንዘላዘልኩ ስሮጥ ሳቁብኝ። «ልብስ ሲወልቅ ይለጠጣል፤ ከባለቤቱ ይረዝማል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መንደሩ ውስጥ ያን ቆዳ ለመድኃኒት ብለው የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ እሳቸው ግን የሚያዩት ዓይኑ ላይ ያለውን ነው። ወደ ብርሃን ያነሱና «ሁለቱም ወጥተዋል» ብለው ይጥሉታል። ያኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

አሁን ደሞ ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሑድ ጠዋት ነው፤ እማሆይ ቅዳሴ ሄደዋል። ከጓሮ ስደርስ እባቡ ካቡ ላይ በቀን፣ በፀሐይ ተጋድሟል። መልኩ አመድ ነው፣ ዓይኑ ነጭ ነው። ሰይጣን ያየሁ መሰለኝ። «እባብ! እባብ! ኑ ድረሱልኝ!» ብዬ መንደሩን አናጋሁት። ጎረምሶች በትር ይዘው መጡ። እባቡ ጭንቅላቱን ቀና አደረገ፤ ግን ወደ ማን? አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። በየት በኩል እንደሚሸሽ አልያዘለትም። በሦስት ምት ጨረሱት። እማሆይ መጥተው ያን ሲያዩ «ማን ጠራችሁ?» ብለው ጠየቁ። አንዱም አልተናገረም። እኔም ከበሩ ኋላ ቆሜ አልተናገርኩም። በእንጨት አንሥተው ቁልቋሉ ሥር ቀበሩት። «ዓይኑን አልያዘም ነበር እኮ» አሉ፤ ለራሳቸው። በሚቀጥለው ክረምት ስመለስ የአንዱ ጎታ ግርጌ በአይጥ ተቦርቡሮ በጭቃ ተደፍኖ አየሁት። ስለዚያ ነገር ሁለታችንም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አለፈ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዋግ ሲደርስ ስልክ ጠፋ፤ እማሆይም በኋላ እንደ ብዙው የፃግብጂና የአበርገሌ ሰው ተፈናቅለው ሰቆጣ ከረሙ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጎታው ባዶ፣ በሩ የለም። «ካቡ ግን ቆሟል፤ ውስጡም አዲስ የእባብ ልብስ አገኘሁ» ብለው ደስ ብሏቸው የነገሩኝን አልረሳም። እኔ እንግዲህ ያን ስሰማ ሌላ ነገር ነው ጉሮሮዬ ላይ የቆመው።

ወደ ቡና ልመለስ። በማግስቱ ልጁ ስልኩን አነሳ፤ ሐኪም ቤቱም ተከፈተ፤ ሁለቱም የእማሆይን ቃል ደገሙልኝ። ዕውቀቱን እኔም ከዚያ ወዲህ ቆፈር ቆፈር አድርጌዋለሁ። የሰው ቆዳ በየቀኑ እንደ ብናኝ እየረገፈ ይታደሳል፤ የእባብ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚወልቀው። ከአሮጌው ሥር አዲስ ቆዳ ይሠራል፤ በሁለቱ መካከል ፈሳሽ ይገባና ያላቅቃቸዋል። መልኩን የሚያደበዝዘው ይሄ ፈሳሽ ነው። ዓይኑስ? እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ለዚህ ነው የማይጨፍነው። በቆቡ ፈንታ ዓይኑን የሚሸፍን እንደ መነጽር የጠራ ቅርፊት አለው። እሱም ከቆዳው ጋር ስለሚቀየር ፈሳሹ ሥሩ ሲገባ ዓይኑ ሰማያዊ ወተት ይመስላል። በዚያ ሰሞን ደህና አያይም። ስለማያይ ይፈራል፣ ስለሚፈራ ይደበቃል፣ ሲነኩት ይነክሳል። ያ የፃግብጂ እባብ በቀን ካብ ላይ የተጋደመው፣ የመጣበትንም በትር ያላየው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ዓይኑ ከጥቂት ቀናት በኋላ መልሶ ይጠራል። «ጎሽ! አለፈለት» ትላላችሁ። አላለፈለትም! ፈሳሹ ተመልሶ ሲገባ ነው የጠራው፤ ቆዳው የሚወልቀው ከዚያ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ቀን ቆይቶ ነው። ከመደብዘዙ ጀምሮ እስኪያወልቅ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስንት ጊዜ ያወልቃል ካላችሁ እንደ ዕድሜው ነው። የሚያድግ ልጅ እባብ በየወሩ ወይም በየወር ተኩሉ፣ ያደገው በዓመት ጥቂት ጊዜ። «ቆዳውን እየጣለ ወጣት ይሆናል» የሚባለው ግን ተረት ነው፤ እያደገና እያረጀ ነው የሚጥለው።

ሲያወልቅ ደሞ ማየት ነው! ከንፈሩን ሻካራ ነገር ላይ አሽቶ ያስለቅቀዋል፤ ከዚያ ልክ እኛ ካልሲያችንን ገልብጠን እንደምናወልቀው፣ ወደፊት እየተሳበ ከራሱ ልብስ ውስጥ ይወጣል። ጤነኛ ከሆነና አየሩ ከተስማማው ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ፣ ሁለቱ የዓይን መነጽሮች ጭምር፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይቀራል። እማሆይ ወደ ብርሃን እያነሱ የሚያዩት እነዚያን ሁለት መነጽሮች ነበር።

የቡና አየር ግን አልተስማማትም። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደረቅ ከተማ ናት። በክረምት ማሞቂያ ሲለቀቅማ የሰው ከንፈር እንኳ ይሰነጠቃል። ሣጥኗ ግድግዳ ላይ እርጥበት የምትለካ ሰዓት መሳይ ነገር ነበረች፤ እኔ እንደ ጌጥ ነበር የማያት። ሄጄ ሳያት 20 በመቶ አትሞላም! ለንጉሣዊ ፓይተን ከ50 እስከ 60 በመቶ ይመከራል፤ ቆዳ ሊጥል ሲል ከዚያም ከፍ ይላል። የሣጥኑ ክዳን ወንፊት ስለሆነ ያለችው እርጥበት ሁሉ ወደ ሰማይ ትሄዳለች።

ያን ቀን ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ። በበረዶ ላይ ድንጋይ የሚለቅም ሀበሻ ያየው ፈረንጅ ምን ይል ይሆን? አንድ ሻካራ ድንጋይ ከመንገድ ዳር አገኘሁ፤ በፈላ ውሃ አጥቤ አስገባሁላት። ርጥበቱን ግን እንዲሁ ውሃ እፍ እፍ እያልኩ ቸል አልኩት። ዓይኗ ሲጠራ ጊዜ ደሞ አለፈ ብዬ ተዘናጋሁ። በአራተኛው ቀን ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ቆዳዋ እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም እየተቀረፈ፣ እዚህም እዚያም ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ገሚሱ ወልቋል፣ ገሚሱ ተጣብቋል። እማሆይ «ተወው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አልቻልኩም። የአደራ ነገር ያስቸኩላል መሰለኝ። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን በጣቴ ይዤ ሳብኩት። መጀመሪያ ደስ በሚል ድምፅ ተላጠ፤ ቀጥሎ ቡና መላ ሰውነቷን አጠፈች። ሳይ ገና ያልበሰለው አዲሱ ቆዳ አብሮ ተነሥቷል። ሥሩ ቀይ ሥጋ ነው፤ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል።

ያኔ ነው የቆምኩት። ከዚያ ያደረግኩት ትክክል ነበር፤ ከዚያ በፊት ማድረግ የነበረብኝም እሱን ነው። ቁስሉን ሳልነካ፣ በፕላስቲክ ሣህን ጀርባዋን የማይሸፍን ለብ ያለ ውሃ አደረግኩ። በእጅ ሲነካ የማይሞቅ የማይበርድ፣ ከ30 ዲግሪ የማያልፍ። ሃያ ደቂቃ ያህል አጠገቧ ቁጭ ብዬ አቆየኋት። እባብም ውሃ ውስጥ ይታፈናል፤ ጥሎ መሄድ የለም። ቀጥሎ በእርጥብ ፎጣ መካከል በራሷ ጉልበት እየተሳበች እንድታልፍ ለቀቅኳት። ፎጣው እየያዘ፣ እሷ እየሄደች፣ አብዛኛው ሳይጎተት ወለቀ። ሁለት ቦታ ብቻ ቀረ፤ የቀኝ ዓይኗ መነጽርና የጅራቷ ጫፍ። ሁለቱም እጅግ ክፉ ቦታዎች ናቸው። ዓይን ላይ የቀረውን በጥፍር ወይም በመቆንጠጫ ለማንሣት የሞከረ እውነተኛ ዕውርነት ሊያመጣ ይችላል። ጅራት ላይ የቀረው ደሞ እየደረቀ እንደ ቀለበት ይጠብቅና ደም ያቆማል።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ በትራስ ልብስ ከትቼ፣ ሙቀት እንዳያንሳት ካፖርቴ ውስጥ ይዤ። ታክሲ ነጂው ሀበሻ ነበር። «ምንድን ነው የያዝከው?» ሲለኝ «ቡና» አልኩት፤ «ኧረ ሽታው አልመጣም!» አለኝ። አልዋሸሁም መቼስ።

ሐኪሟ አንገቷ ላይ ያለውን ቁስል አይታ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን ከስድብ ይብስ ነበር። ቅባት ሰጠችኝ። ዓይኑን አትንኩት፣ እርጥበቱ ከተስተካከለ በሚቀጥለው ጊዜ አብሮ ይወርዳል አለች። ጅራቱን አርጥባ፣ በማጉያ እያየች ቀለበቱን አነሣችው። ከዚያ ጠራችኝና አሳየችኝ፤ ከሥሩ ሌላ አሮጌ ቀለበት አለ። የዛሬ አይደለም፣ ካለፈው ጊዜ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት የቀረ። ጫፉ ጠቁሯል። ያ ሞቷል፣ ደርቆ ይወድቃል አለችኝ።

ልጁ ከሲያትል ሲመለስ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት። አንገቷን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «የቤት እንስሳ እንጂ ሙዝ መሰለችህ?» አለኝ። ልክ ነው፤ ዋጥኩት። የጅራቷን ነገር ስነግረው ግን አላመነም፤ የሐኪሟን ወረቀት ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። አራት ዓመት ያሳደጋት እሱ ነው፤ በየጊዜው ቆዳዋ በቁርጥራጭ ሲወርድ «ፀባይዋ ነው» እያለ የጠረገው እሱ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አልተነጋገርንም። እሱም በኔ፣ እኔም በሱ፣ ሁለታችንም በየራሳችን አፍረን።

በሁለተኛው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እማሆይ ዘንድ ደወልኩ።

«ጎትቼ አቆሰልኳት እማሆይ። ተወው ብለውኝ ነበር።»

«ደማች?»

«ትንሽ።»

«ይድናል።»

ዝም አልኩ። ከዚያ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «የያኔውንም… ካቡ ላይ የነበረውን… ሰዎቹን የጠራሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ድምፅህን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ እኮ» አሉኝ። «ሕፃን ነበርክ፤ ፈርተህ ነው። አሁን በል ርጥበቱን አትርሳ።»

እንግዲህ እናንተ ቲክቶክ ላይ አንገታቸው ላይ እባብ ጠምጥመው የሚዘፍኑ ፈረንጆችን አይታችሁ «እኔም ባሳድግ!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁና። አገራችን ውስጥ ከሜዳ እባብ ይዞ ቤት ማስገባት አራዳነት አይደለም። እፉኝትም፣ ኮብራም፣ ጥቁር ማምባም ያለባት አገር ናት። ቆዳ ሊጥል የደበዘዘ እባብ ደሞ መልኩ ስለሚጠፋ አዋቂም ዝርያውን ይስታል። የመርዝ ማርከሻ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም። ሕጉም አለ፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። ፓይተኖችም በሙሉ ሳይተስ በሚባለው የዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ከአገር አገር በሻንጣ የሚገቡ አይደሉም። ጓሯችሁ ዓይኑ የነጣ እባብ ካያችሁ ራቅ ብላችሁ እለፉ፤ ልጆችና ውሾችንም አርቁ። እንደኔ አትጩኹ።

ውጭ ያላችሁና በሕጋዊ መንገድ የገዛችሁ ግን ስሙኝ። ሲደበዝዝ ከእጃችሁ አውርዱት። ምግብ አታስጨንቁት፤ አንድ ሁለት ሳምንት ባይበላ አይሞትም፣ በዚያ ሰሞን በልቶም ሊያስመልስ ይችላል። እኛ የአይስክሬም ባዶ ዕቃ ወስደን ጎኑን እሷ በምታልፍበት ልክ ቀዳን፣ ውስጡ እርጥብ ፎጣ ጎዘጎዝን፣ ቡና እንደ ጓዳ ትገባበታለች። ፎጣው ግን እርጥብ እንጂ ውሃ የቋጠረ አይሁን፤ ሻጋታና የቆዳ ቁስል ያመጣል። የሣጥኑን ክዳን እኩሌታውን ሸፈንነው። የውሃ ሣህኗን በትልቅ ቀየርን። ድንጋዬም አለ፤ ልጁ የእንስሳት ዕቃ መደብር ሄዶ በዶላር ሌላ ሊገዛ ሲል «ይሄ ይበቃታል፣ የእማሆይ ትእዛዝ ነው» ብዬ ከለከልኩት። እርጥበቱ ተስተካክሎም ቆዳው በቁርጥራጭ የሚወርድ ከሆነ ደሞ ቅንቅን ይዞት ወይም ሌላ ሕመም ኖሮበት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

የካቲት ላይ ቡና እንደገና ደበዘዘች። ዓይኗ ነጣ። ልጁ ሥራ ሲሄድ «አትንካት» ይለኛል፤ እኔ ስሄድ «አትንካት» እለዋለሁ። ሣጥኑ ላይ ያ የእንግዳ ጋቢ ተጣለ፤ በዚህ ጊዜ ለእሷ ሲባል። ዓይኗ ጠራ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን… ምንም የለም። ጣቴን ያሳክከኝ ጀመር፤ ግን እጄን ኪሴ ከትቼ አለፍኩ።

በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ልጁ «ና! ና!» ብሎ ቀሰቀሰኝ። ቡና አዲስ እንደተወለወለ ጫማ እያብለጨለጨች ጥግ ላይ ተጠምጥማለች። ድንጋዩ ላይ፣ ከጫፉ ተይዞ፣ አንድ ወጥ ቆዳ ተዘርግቷል። ገና እርጥብ ነው። በሁለት እጄ ይዤ ወደ መስኮቱ አነሣሁት። የግራው መነጽር አለ። የቀኙም አለ፤ ወፈር ብሎ፣ ድርብ ሆኖ፣ ያለፈውንም ይዞት ወርዷል። አንገቷ ላይ የኔ ጥፍር ያህል ጠባሳ ቀርቷል። ጅራቷ ላይ ቆዳው ሾጠጥ ብሎ ሳያልቅ ቁርጥ ይላል።

ፎቶ አንስተን ፃግብጂ ላለው የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ላክንለት፤ ለእማሆይ አሳያቸው ብለን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ። መጀመሪያ የልጆች ጫጫታ፣ ቀጥሎ «በዚህ በኩል ነው የሚናገሩት እማሆይ፣ በዚህ» የሚል፣ ከዚያም የሳቸው ድምፅ፤

«አየሁት፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ወጥተዋል። ጅራቱን ግን ምን ቆረጠው?»

ልጁ ስልኩን ከእጄ ወሰደና «እኔ ነኝ እማሆይ» አላቸው።